ጻዕር ስለ ያዘው ሕሙም

ጻዕር የያዘው ሕሙም እህል ውኃ እንቢ ሲል፣ ዘመዶቹ በርኅራኄ ተነሣሥተው አጥሚት በማንኪያ ሊግቱት መታገላቸው ከፍቅር የሚመነጭ ቢሆንም፣ ሥጋው ደክሞ መብል መሻትን በተወ ጊዜ ረኀቡም አብሮ ስለሚደክም፣ በግድ የተጋተው ወደ ሳንባው ገብቶ ያስጨንቀው እንደ ሆነ እንጂ ዕድሜ አይቀጥልለትም። ከንፈሩን ማራስ ይበቃል።

ከዚህ የከፋው ስሕተት ሞርፊን ሞትን ያፋጥናል ማለት ነው፤ ሲስሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈርን የሕሙማን ማረፊያ ካቋቋሙ ወዲህ፣ በሐኪም ተመጥኖ ሰዓቱን ጠብቆ የሚሰጠው ሞርፊን ሥቃይን እንደሚያስታግሥ እንጂ ነፍስን እንደማያስቸኩል በተግባር ታይቷል።

እውነቱን ከሕሙሙ መሰወርስ? (ብዙዎች ደግነት ይሉታል።) ንስሐ የሚገባበትን፣ የሚናዘዝበትን፣ የተቀያየመውን የሚታረቅበትን ጊዜ መንጠቅ ነውና፣ ማወቅ ለሚሻ ሁሉ ይነገረው።