ስሙ ያልታወቀ ተባይ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጠቁማል፣ ፍለጋ ያረጋግጣል

በበቆሎ ማሳው እንግዳ ትል ያየ አርሶ አደር ስሙን ካላወቀ በጉግል ምን ብሎ እንደሚፈልግ ይቸገራል። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎች ግን ከመልኩ ተነሥተው ስም ይጠቁማሉ። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል፣ በጅራቱ አጠገብም አራት ጥቁር ነጥቦች እንዳሉት ከተገለጸላቸው፣ በ2009 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የታየውን የአሜሪካ መጤ ተምች ሊጠሩ ይችላሉ።

ይሁን እንጂ መተግበሪያው ሲሳሳትም በእርግጠኝነት ይናገራል። መጤ ተምች ከነባሩ ተምች ወይም ከአገዳ ቆርቁር ጋር ከተምታታ፣ ለኬሚካል የወጣው ገንዘብ ሊባክን፣ ሰብሉም ሊጎዳ ይችላል። ስለሆነም ሳይንሳዊ ስሙን ጠይቆ በጉግል መፈለግ፣ ፎቶግራፉን ከማሳው ትል ጋር ማነጻጸር፣ ከርጭት በፊትም የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ይገባል።