“ጠንካራ ነው” ማለት “ይሙት” ማለት አይደለም

እኛ የወግዲ ልጆች የምናውቀው ትልቅ ውኃ ዓባይ ነው፤ እሱም ገደል ውስጥ ነው። ባሕር ሳናይ አድገን አዲስ አበባ ስንገባ የጨው ውኃ አኳሪየም ቢያምረን አይፈረድብንም። የሚፈረድብን “መጀመሪያ ጠንካራ ዓሣ ክተት፤ ከተረፈ ውኃው ደርሷል” የምትለዋን ምክር ስንቀበል ነው።

ይቺ ምክር ብልሃት ሳትሆን ስንፍና ናት። አዲስ ውኃ ውስጥ የዓሣ ቆሻሻ አሞንያ ይሆናል። አሞንያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ይቃጠላል። ያለ ዓሣም አሞንያ ጠብ አድርጎ ባክቴሪያ ማራባት እየተቻለ ነፍስ መገበር ለምን?

“ዳምሰልፊሽ ይችለዋል” ይሉናል። አዎ፣ ይችላል፤ ከተረፈ በኋላ ግን መጤውን ሁሉ እየነከሰ ያባርራል። ለጀማሪ በሰው እጅ የተራባች ክላውንፊሽ ትሻላለች፤ በ2003 እ.ኤ.አ. “ፋይንዲንግ ኒሞ” ያስተዋወቃት ብርቱካናማዋ። የፊልሙን ሰማያዊ ዶሪ ግን ተዉአት፤ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ልትደርስ ትችላለች፣ ትንሽ መስታወት እስር ቤቷ ነው።

ደግሞም ደገኞች ነን። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ ያንሳል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ማሞቂያውም ይቆማሉ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ የሌለው ዓሣ አይግዛ። አሞሌም ለወጥ ነው፤ ለአኳሪየም የተዘጋጀው የባሕር ጨው በሊትር 35 ግራም ገደማ ይገባል።

ጥንካሬው ከእኛ ይጀምር። ስድስት ሳምንት ባዶ መስታወት ማየት ያቃተው ሰው፣ ዓሣው እንዲችልለት በምን አፉ ይጠይቃል?