አምስት ፊደል እንደ አንድ ቃል፦ በስልክ የሚጻፍ አማርኛ ፍጥነት እንዴት ይለካ?

በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚጻፍ ጽሑፍ ፍጥነት በጥናት ዓለም የሚገለጸው በደቂቃ በሚጻፉ ቃላት ብዛት ነው። እዚህ ላይ «ቃል» የተባለው ግን በመዝገበ ቃላት የሚገኘው ቃል ሳይሆን፣ ክፍት ቦታ ተቆጥሮ አምስት ፊደል ነው። ልማዱ ከእንግሊዝኛ የጽሕፈት መኪና ዘመን የወረደ ሲሆን፣ ለእንግሊዝኛ ቃል አማካይ ርዝመት የቀረበ ስለሆነ በዚያ ቋንቋ ብዙ ጥያቄ አላስነሣም። ወደ አማርኛ ሲዛወር ግን የሚለካውን ነገር ራሱን ይለውጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የአልቶና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች፣ እንዲሁም በዙሪክ የሚገኘው ኢቲኤች ተመራማሪዎች ወደ 37,000 የሚጠጉ ፈቃደኞች የተሳተፉበትን ጥናት ይፋ አድርገው ነበር። በስልክ የሚጽፉ ሰዎች አማካይ ፍጥነት በደቂቃ 36.2 ቃል ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ስለ አማርኛ ኪቦርድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ የራሱን ውጤት ከዚህ ቁጥር ጎን ቢያቆመው አያስገርምም፤ ችግሩ የሚጀምረውም በዚያው ቅጽበት ነው።

አንድ ሰው «ሰላም ነህ ወይ» የሚለውን በዐሥር ሴኮንድ ይጽፋል እንበል። ክፍት ቦታዎቹን ጨምሮ ዘጠኝ ፊደል ነው። በተለመደው ቀመር መሠረት የመጀመሪያዋ ፊደል ተቀንሳ ሲሰላ፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 9.6 ቃል ይሆናል። ሌላው ሰው ይህንኑ መልእክት በላቲን ፊደል፣ በዚያው ዐሥር ሴኮንድ ውስጥ ይጽፋል። የእርሱ ፊደላት ዐሥራ ሦስት ስለሆኑ ፍጥነቱ 14.4 ይወጣለታል። ሁለቱም ያስተላለፉት አንድ ሰላምታ ነው፤ የፈጀባቸውም ጊዜ እኩል ነው፤ የላቲኑ ጸሐፊ ግን በወረቀት ላይ በግማሽ ያህል ፈጣን ሆነ። ይባስ ብሎም፣ ሳድሱ በአንድ ቁልፍ፣ ግዕዙና ራብዑ ደግሞ አናባቢ ተጨምሮ በሁለት ቁልፍ በሚጻፍበት ኪቦርድ፣ የአማርኛው ጸሐፊ ጣትም የነካው ልክ ዐሥራ ሦስት ቁልፍ ነው። ሥራው ሳይቀር እኩል ነበር ማለት ነው። ልዩነቱን የፈጠረው አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድነት መያዙ ብቻ ነው።

የጣትን ሥራ ለብቻው የሚገልጽ መለኪያ አዲስ አይደለም። ቁልፉ ዐሥራ ሁለት በሆነው ስልክ፣ ከላቲኑ ፊደል ሦስተኛውን ለመጻፍ ቁጥር 2ን ሦስት ጊዜ መጫን ያስፈልግ በነበረበት ዘመን፣ ስኮት ማኬንዚ የተባሉት ተመራማሪ ለአንድ ፊደል የሚያስፈልገውን የቁልፍ ብዛት አስልተው ነበር። ለእንግሊዝኛ በመደጋገም ሲጻፍ 2.03 ያህል፣ ቃል በሚገምተው ቲ9 ደግሞ ወደ 1.007 ይደርሳል። ከላይ ለተጠቀሰው ሰላምታ ስሌቱ 13 ለ9፣ ማለትም 1.44 ነው። ይህ ቁጥር ከፍጥነቱ ጎን ቢጻፍ አንባቢ መዘግየቱ ከጣት ይሁን ከፊደል አቈጣጠር ለመለየት ይችላል።

እርግጥ ነው፣ ሁለት የአማርኛ ኪቦርዶች እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ለአምስት ማካፈሉ ጉዳት የለውም፤ ሁለቱንም እኩል ያሳንሳቸዋልና። ያም ሆኖ ስሕተትን የመቍጠር ጉዳይ ሳይፈታ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ከፍጥነቱ ይልቅ ይከብዳል። ተሳታፊው «ጸሐፊ» የሚል ቃል ቀርቦለት «ፀሀፊ» ብሎ ቢጽፍ፣ በፊደል ልዩነት የሚሰላው ቀመር ከሦስቱ ፊደላት ሁለቱን ስሕተት ይላቸዋል። አንባቢ ግን ቃሉን ያለ አንዳች መሰናክል ያነበዋል። በሥርወ ቃል የሚሟገት ሊቅ «ስሕተት ነው» ቢል ልክ ነው፤ ሆኖም ያ የፊደል አጠባበቅ ስሕተት እንጂ ጣት ቁልፍ የሳተበት አይደለም። ሁለቱን በአንድ ቁጥር መጠቅለል የኪቦርዱን ጥራት በተሳታፊው የትምህርት ቤት ትዝታ መመዘን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስሕተቱ አንድ ጊዜ እንዳለ፣ ሁለተኛም ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደ አንድ ተወስደው ይቈጠር፤ ሁለቱም ውጤቶች ይቅረቡ።

የሚቀርበው ጽሑፍም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ ተመራማሪዎች ማኬንዚና ሶኮሬፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ባቀረቧቸው 500 ሐረጎች በስፋት ይጠቀማሉ። እነዚህን ወደ አማርኛ መተርጐም አቋራጭ መንገድ ቢመስልም፣ የሚገኘው ማንም በስልኩ የማይጽፈው አማርኛ ነው። «ስላልተመለሰላቸው» የሚለው አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ሙሉ ሐረግ ይወጣዋል፤ ቃል የሚገምተው ፕሮግራም የሚፈተነውም በእንዲህ ዓይነቱ እርባታ ነው።

ይህን ሁሉ እንደ ጥቃቅን ነገር የሚያይ ሰው ፊደልን ስለማሻሻል በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሡትን ክርክሮች ያስታውስ። የፊደሉ ብዛት ለማሽን አይመችም የሚለው ምክንያት በዚያን ጊዜም ከመከራከሪያዎቹ አንዱ ነበር። ዛሬ በትክክል ያልተለካ ቁጥር ያንኑ ክርክር በሳይንስ ስም ሊመልሰው ይችላል።

ብዙ ወጣቶች ከጓደኞቻቸው ጋር አማርኛን በላቲን ፊደል እንደሚጻጻፉ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው ተሳታፊ ለዓመታት የተለማመደውን በአንድ በኩል፣ ለግማሽ ሰዓት የተሰጠውን የፊደል ኪቦርድ በሌላ በኩል አድርጎ ቢፈተን፣ የሚለካው የጣቱ ልምድ ነው። ስለዚህ መጠይቁ ዕድሜንና ጾታን ከመጠየቁ በፊት፣ ተሳታፊው በየዕለቱ መልእክት የሚጽፈው በየትኛው ፊደልና በየትኛው ኪቦርድ እንደሆነ፣ ከጀመረም ስንት ዓመት እንደሆነው ይጠይቅ፤ ፈተናውም በአንድ ቀን ሳይወሰን በተለያዩ ቀናት ይደጋገም።