ካርታው በማን እጅ ነው?



ባለፈው ሴሚስተር አምስት ሆነን ለአንድ የዲዛይን ፕሮጀክት ተመደብን። ሥራው የውሃ ፓምፕ ነበር። ሐሳባችንን የምናሰፍርበት የሐሳብ ካርታ፣ ማይንድ ማፕ የሚሉትን ማለታችን ነው፣ በኢንተርኔት ብቻ በሚሠራ አንድ ፕሮግራም ላይ ከፈትን። መሐል ላይ «ፓምፕ» ብለን ጽፈን ኃይል፣ ዋጋ፣ ቁሳቁስ፣ ጥገና እያልን ቅርንጫፍ አወጣን። ለሁለት ሳምንት ሥራው አማረልን። ከዚያ በነጻ የተፈቀደልን የካርታ ቁጥር አለቀና በዶላር ክፈሉ ተባልን። ከመሐላችን በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ማን ነው? ይባስ ብሎ አካውንቱ የአንድ ወንድማችን ነበርና እሱ ታሞ ወደ ቤተሰቦቹ በሄደበት ሳምንት የቀረነው አራታችን ካርታውን ከማየት በቀር መንካት አልቻልንም። ሪፖርቱን ከስክሪንሻትና ከትዝታችን ለቅመን ጻፍነው። ውጤቱን ባንነግራችሁ ይሻላል።

ጥፋቱ ከፕሮግራሙ ይልቅ የእኛ ነበር። ስንመርጥ ያየነው ቀለሙንና ውበቱን ነው። ፋይሉ የት እንደሚቀመጥ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ይከፈት እንደሆነ፣ የሠራው ሰው ባይኖር ሌላው ይገለገልበት እንደሆነ አልጠየቅንም። ዶርም ውስጥ ዋይፋዩ በፈተና ሰሞን ምን እንደሚሆን እያወቅን አለመጠየቃችን ይገርማል።

መድረሳ ለቀራን ሰዎች ቅርንጫፍ እንግዳ ነገር አይደለም። ማይንድ ማፕን በዚህ ስሙ ያስፋፋው እንግሊዛዊው ቶኒ ቡዛን ነው፤ ጊዜውም 1970ዎቹ ነው። እኛ ግን ልጅ ሆነን የሻፊዒይ ፊቅህ ስንጀምር ውሃን በአራት ከፍለን፣ እያንዳንዱን ደግሞ ከነሑክሙ ዘርዝረን በቃል እንይዝ ነበር። ካርታው ጭንቅላታችን ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ስለ ካርታ ስናስብ ከሁሉ የሚጠቅመን ግን የኢማሙ ኢብኑ ሒባን ነገር ነው። በ354 ሒጅራ ያረፉት እኚህ ዓሊም የሐዲስ ስብስባቸውን እንደ ሌሎቹ በባብ አላስቀመጡትም። ትእዛዝ፣ ክልከላ፣ ዜና፣ የተፈቀዱ ነገሮች፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተግባራት ብለው በአምስት ከፈሉት፤ አምስቱን ደግሞ በድምሩ በ400 ዓይነት ዘረዘሯቸው። ግሩም የአእምሮ ሥራ ነው። ነገር ግን አንድን ሐዲስ ፈልጎ ማግኘት ለሰው ከባድ ሆነ። በ739 ሒጅራ ያረፉት ኢብኑ በልባን ናቸው ስብስቡን በባብ መልሰው ያደራጁት። ዛሬ ሰሒሕ ኢብኑ ሒባን ብለን የምንገልጠው በአብዛኛው የእሳቸውን ቅንብር ነው። ካርታ ለሠራው ሰው ግልጽ ነው፤ ለሚፈልግበት ሰው ግን ተራ ዝርዝር ሆኖ መገልበጥ አለበት። የእኛም ካርታ እኮ ከባለቤቱ በቀር ማን ምን የት እንዳለ አያውቅም ነበር።

ስለዚህ ከብዙ ክርክር በኋላ ፍሪፕሌን የሚባለውን መረጥን። ፍሪማይንድ ከሚባለው የቀድሞ ፕሮግራም የወጣ፣ ነጻና ኮዱ ክፍት የሆነ፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው። ካርታው እዚያው ላፕቶፓችን ላይ እንደ አንድ ፋይል ይቀመጣል። ቅርንጫፎቹን ኮፒ አድርገን ጽሑፍ ላይ ስንለጥፋቸው ደረጃቸውን ጠብቀው ዝርዝር ይሆናሉ፤ የሪፖርቱ ማውጫ በዚያው ተገኘ ማለት ነው። አማርኛም ዓረብኛም ጽፈንበታል። መልኩ ያረጀ ይመስላል፣ እውነት ነው። አምስት ሰው በአንድ ጊዜም አይሠራበትም። እኛ የዕለቱን ፋይል አንድ ሰው ይዞ ማታ ቀኑን ጽፎ ቴሌግራም ላይ እንዲለቅ ተስማምተናል። ከመሐላችን አንዷ እህት አሁንም ስልኳ ላይ ያለውን ትመርጣለች፤ ለብቻዋ ስታጠና መብቷ ነው፣ የግሩፕ ሥራ ሲሆን ግን አንስማማም። ገና ሐሳብ ስናፈልቅ ደግሞ ከየትኛውም ፕሮግራም ይልቅ ትልቅ ወረቀትና እስክሪብቶ ይሻላል ባዮች ነን።

«ክራክ የተደረገውን በፍላሽ ልስጣችሁ» ያለን ወንድም አለ። «ተማሪ ነን፣ ከየት አምጥተን እንክፈል» የሚለውን እኛም ስንል ኖረናል። ሆኖም ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በፈረንጆቹ 1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑን ወስኗል። ሶላታችንን ለመስገድ ስንታገል ላፕቶፓችንን በሰው ሐቅ መሙላት አያምርብንም። ያለ ክፍያ የሚበቃን ነገር እያለ ደግሞ «ተቸግረን ነው» የሚለው ሰበብ አይሠራም። ፍሪፕሌንን ማባዛትና ማደል በፈቃዱ ላይ የተፈቀደ ነው።

መጫኛውን በፍላሽ ይዘናል። ስታወርዱ ከነጃቫው ያለውን ምረጡ፤ አለዚያ ጃቫ ጫኑ ይላችኋል። ቅዳሜ ከዐሱር በኋላ መስጂዱ ግቢ እንገኛለን፤ ለእህቶች በሴቶቹ በኩል አንዷ እህታችን ፍላሹን ይዛ ትጠብቃለች። የግሩፕ ፕሮጀክት የተመደባችሁ ቻርጅ ያለው ላፕቶፕና የጀመራችሁትን ሥራ ይዛችሁ ኑ፤ ካርታውን እዚያው አብረን እንጀምረዋለን፣ ኢንሻአላህ።