የቡናው ጥያቄ

ይድረስ ለዲላና ለመላው ጌዴኦ ወገኖቼ፤

 

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. እናንተ ዘንድ ጭሰኛው የሚለቅመው ቡና የራሱ የሆነበት ቀን ነው። እኛ ቤት አባትና ልጅ ከአንድ መሶብ መብላት ያቆሙበት ቀን ነው።

አባቴ አውሮፓ ውስጥ የኤምባሲ ጸሐፊ ነበሩ። አያቴ ያኔ ደራሳ ይባል በነበረው አውራጃ ባለመሬት ነበሩ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ከተማሪዎች ማኅበር ጋር «መሬት ለአራሹ» ሲል የከረመ ነው። የመሬት አዋጁ በተሰማ ማታ እናቴ ከዲላ የተላከልንን ቡና ትቆላ ነበር። ወንድሜ «ይኼን ቡና የለቀመው ማን ነው?» አለ። የመለሰለት የለም፤ ቡናው አረረ።

በማግስቱ አባቴ ከረባታቸውን አስረው ወጡ። አዋጁን ለባዕድ ማስረዳት ሥራቸው ነበር፤ የገዛ አባታቸውን መሬት የወሰደውን አዋጅ ቀን ያወድሳሉ፣ ማታ ዝም ይላሉ።

ወንድሜ ከዚያ በፊት የነበረውንም ዝምታ አልማራቸውም። ከአዋጁ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 14 ቀን ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ሲረሸኑ፣ የአባቴ የቀድሞ አለቆች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴ ኒውዮርክ እንዳሉ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። «እርስዎ» ሲላቸው ያደገውን አባቱን ወንድሜ ያን ለት «አንተስ?» አላቸው። የመለሰችው እናቴ ናት፦ «ወንድሞቼ አገር ቤት ናቸው።»

በኋላ አባቴ ወደ አገር ቢጠሩ ቀሩ፤ ማንም ያልጠራው ወንድሜ ለአብዮቱ ብሎ ገባ። በቀይ ሽብር ጊዜ ደብዳቤው ተቋረጠ። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ የፖስታ ሳጥኑን ከራሳቸው በቀር ማንም እንዲከፍት አልፈቀዱም።

የምጽፍላችሁ መሬት ልጠይቅ አይደለም። በመሬቱ ወንድሜ፣ ወደ ደሙ ባለመመለስ አባቴ ልክ ነበሩ፤ ሁለቱን እውነት አንድ ላይ የሚይዝ ገበታ ግን ቤታችን አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. ሚጪሌ ላይ ገባሩና ባለመሬቱ የተዋጉበትን ቀን አባቴ «ረብሻ»፣ ወንድሜ «አመፅ» ይሉት ነበር። ሁለቱም እዚያ አልነበሩም። የእናንተ አያቶች ነበሩ።

ስመጣ፣ ለባለመሬት የልጅ ልጅ ቦታ ካላችሁ፣ ከሶንጎው ሸንጎ ዳር አስቀምጡኝ። ያ ቡና የማን እጅ እንደለቀመው ከእናንተ አፍ ልስማ።

ወገናችሁ