ስለ ታደሰ ቤት

ሰው የተወለደበትን ቤት አይረሳም። ከአገሩ ርቆ አያሌ ዓመት ቢኖር፥ ከዚያም የሚበልጥ ያማረ ቤት ቢሠራ፥ ልቡ ግን ወደ መጀመሪያይቱ ምድጃ ይመለሳል። ይህም መልካም ነገር ነው፤ የአባትንና የእናትን ድካም ማሰብ ነውና። ነገር ግን ናፍቆት ዐይንን የሚጋርድበት ጊዜ አለ። የናፈቀ ሰው እርሱ ደስ ያለውን ብቻ ያስባል፤ ሌላው የተቸገረበትን ይረሳል። ይህም እንዴት እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ ካለው ታሪክ ይታወቃል።

ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስ አጠገብ አንድ ገበሬ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋራ ይኖር ነበር። ቤቱን የሠራው ከጎረቤቶቹ ጋራ በደቦ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ አንዱ እንጨት ቈረጠ፤ ሁለተኛው ጕድጓድ ቈፈረ፤ ሌሎቹም ጭቃ ረገጡ። ግድግዳው በባሕር ዛፍ እንጨት ቆመ፤ ከተማገረም በኋላ በጭቃ ተመረገ። ጭቃውም የጤፍ ጭድ ተጨምሮበት አያሌ ቀን እየተረገጠ ቦካ፤ ጭድ የሌለበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና። በቤቱ መካከል ወፍራም ምሰሶ ቆመ፤ ጣራውም በሣር ተከደነ። ቤቱ አንድ በር እንጂ መስኮት አልነበረውም።

አባትና እናት ከሞቱ በኋላ ልጆቹ ቤቱን ሸጡ፤ ገንዘቡንም ተካፈሉ። ሴቲቱ ልጅ ታላቂቱ ነበረች፤ በዚያው አገር አግብታ ቀረች። ታናሽ ወንድሟ ግን ሥራ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ አዲስ አበባም ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወንድሙ የዓባይን በረሓ ተሻግሮ እኅቱን ሊጠይቅ መጣ። ከእርሷም ጋራ የቀድሞ ቤታቸውን ለማየት ሄደ። በሩቅ ሳለ ባየው ጊዜ ደነገጠ። የሣሩ ክዳን ጠፍቶ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ግድግዳው ነጭ ሆኗል። በጎኑም መስኮት ወጥቶለታል። ምድጃውም ከቤት ወጥቶ ለብቻው ማድ ቤት ተሠርቶለታል።

«የአባቴን ቤት አጠፉት» አለ ሰውዬው።

የቤቱ እመቤት ድምፅ ሰምታ ወጣች። ማን እንደ ሆኑ በነገሯት ጊዜ «ግቡ እንጂ፤ ቤት ለእንግዳ ነው» ብላ በደስታ ተቀበለቻቸው፤ ቡናም ልታፈላ ተነሣች። ሰውዬው ግን ፊቱ አልፈታም። ዙሪያውን ተመለከተና «ያ ትልቁ ምሰሶ ወዴት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ።

እርሷም «ጌታዬ፥ ከሥሩ ምስጥ በልቶት ነበረ። ክረምት በገባ ጊዜ ጣራው ልጆቼ ወደሚተኙበት ያዘነብል ጀመረ። ስለዚህ ባሌ ሌላ ምሰሶ አቆመ። የቀድሞው ከላይ ደኅና ነበረና ማገዶ ልናደርገው አልወደድንም፤ አግዳሚ ሠራንበት። እነሆ፥ የተቀመጡበት እርሱ ነው» አለችው።

ሰውዬው አፈረ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ግን «ምሰሶውስ ይሁን። ነገር ግን የጢሱ ሽታ ናፈቀኝ። ያ ጢስ ከሌለ የእናታችን ቤት አይመስለኝም» አለ።

በዚህ ጊዜ እኅቱ እንዲህ ብላ መለሰችለት። «ወንድሜ፥ አንተ ትንሽ ልጅ ነበርህ። ማታ ከእሳቱ ዳር ተቀምጠህ ተረት ትሰማ ነበር፤ ስለዚህ ጢሱ ደስታ መስሎ ይታሰብሃል። እናታችን ግን ከማለዳ እስከ ማታ በዚያ ጢስ ውስጥ እንጀራ ትጋግር፥ ወጥም ትሠራ ነበር። ዐይኗ ሲያለቅስ፥ ሳልም ሲያስጨንቃት እኔ ከጎኗ ነበርሁ። በመጨረሻው ዘመኗ ክር ወደ መርፌ ማግባት ቸግሯት እኔ አገባላት ነበር። አንተ የምትናፍቀው ጢስ እርሷን ያስለቀሳት ነው። ይህችን መስኮት አግኝታት ቢሆን ምንኛ ደስ ባላት ነበር!»

ሰውዬው ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ለጥቂት ጊዜም ወደ ውጭ ተመለከተ። ከዚያም ወደ እመቤቲቱ ተመልሶ «ቤቱን አጠፋችሁ ብዬ ነበር፤ ለካ ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ። እግዚአብሔር ይስጥልን» አላት።

እንግዲህ ይህ ሰው በመጀመሪያ በሁለት ነገር ተሳስቶ ነበር። የሸጠውን ቤት ሌላ ሰው እንዳይነካው ፈለገ፤ ይህ ፍርድ አይደለም። ደግሞም በቤቱ የደከመውን ሰው ትቶ በቤቱ የተደሰተውን ሰው፥ ማለት ራሱን ብቻ አሰበ። የጭቃ ቤት በየጊዜው ካልተመረገና ካልተከደነ በዝናም ይፈርሳል። ማንም ሳይነካው ለትዝታ ብቻ ይቁም ቢሉት፥ ከጥቂት ክረምት በኋላ ትዝታው እንጂ ቤቱ አይገኝም።

በአዲስ አበባ ያለው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የቤተ ሰባቸው መኖሪያ ነበረ። በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ በኋላም በውስጡ ቤተ መዘክር ሆነ። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትም እንዲታይ ተጠብቆ ኖረ። እንዲህ ያለ ቤት ለመታየት ይጠበቃል። የገበሬ ቤት ግን የሚጠበቀው ሰው ሲኖርበት ነው።

ይህም ሲባል አሮጌው ሁሉ ክፉ፥ አዲሱም ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። የሣር ክዳን ቀን የፀሓይን ትኵሳት፥ ሌሊትም ብርድን ይከለክላል። ጢሱም ዐይንን ቢያቃጥል፥ ክዳኑን የሚበሉትን ነፍሳት ያባርር ነበር። ቆርቆሮ ግን በፀሓይ ይግላል፤ በሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ዝናምም ሲመታው ከጩኸቱ የተነሣ መነጋገር ያስቸግራል። የጭቃ ግድግዳም በሲሚንቶ ሲለሰን ሲሚንቶው ብዙ ጊዜ ተሰንጥቆ ይላቀቃል። ጭቃ ሲርስ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይሄድም።

ይህ ነገር በነገሥታት ግንብም ታይቷል። ኢጣሊያኖች አገራችንን በያዙበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ በጎንደር ያሉት ግንቦች በሲሚንቶ ተጠግነው ነበር። በኋላ የመጡት ጠጋኞች ግን ከዚህ ሥራ ብዙውን አስወግደው እንደ ቀድሞው በኖራ ጠገኑ። ስለዚህ ቤት የሚያድስ ሰው፥ የቀደሙት ሰዎች ስለ ምን እንዲህ አድርገው እንደ ሠሩ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። ደኅናውን ያስቀር፤ የበሰበሰውን ይለውጥ። ያችም እመቤት ያደረገችው ይህንን ነው፤ በምስጥ የተበላውን ጣለች፥ የተረፈውን ግን አልጣለችም።

ደግሞም ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ጣራው ቆርቆሮ፥ ግድግዳው ነጭ የሆነ ቤት ሁሉ የታደሰ አይደለም። በውስጡ አንዱ ተቀምጦ ሲበላ ሌላው በጢስ የሚያለቅስ ከሆነ፥ ያ ቤት ገና አሮጌ ነው።

ልጆች ሆይ፥ ቤታችሁን ውደዱ። እንዴት እንደ ተሠራና ማን እንደ ደከመበት ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም አትርሱ። ግድግዳው ሲለወጥ ታሪኩን የሚጠብቅ የእናንተ ልብ ነውና። ዛሬ ማታ ከእሳቱ ዳር በተቀመጣችሁ ጊዜ፥ ጢሱ የማንን ዐይን እንደሚያቃጥል ተመልከቱ። ነገ አድጋችሁ ቤት ስትሠሩ፥ ለእርሷ መስኮት ማውጣትን አትርሱ።