ጥፋቱ የመሪው አይደለም፣ የሲሚንቶው ነው!

አዲስ አበባ ውስጥ ዝቅ ያለች የቤት መኪና የነዳ ሁሉ አንድ ድምፅ ጠንቅቆ ያውቃል። የፊት ጎማ የግቢውን አፋፍ ወጥቶ፣ የኋላው ገና መንገዱ ላይ እያለ፣ ከሆድ ሥር የሚመጣው "ግርርርጭ!"። ድምፁ እንደተሰማ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ሾፌሩ ፊቱን ያጨማድዳል። ሁለተኛ፣ በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ ይሆናል። "በሰያፍ ግባ እንጂ!" "ጋዝ ስጠው!" "ኧረ ቀስ!" የምትነዳው ሴት ከሆነች ደግሞ ትምህርቱ አጭር ነው። "ሴት ናት እኮ" ይባልና ፋይሉ ይዘጋል።

እኛ ግን ይህ ፋይል እንዲዘጋ አንፈልግም። የዛሬው ክርክራችን ይኸው ነው፤ መኪናዋ ሆዷን የምትመታው የያዛት ሰው መንዳት ስላልቻለ ሳይሆን፣ ሌላ ሰው ሲሚንቶ ሲያፈስ ከራሱ በር ውጪ ያለውን ሁሉ ስለረሳ ነው። "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" ይላሉ። የግንቡን ባለቤት ፈርተን መሪ የያዘውን እንወቅሳለን።

ብልሃት የለም እያልን አይደለም፣ አለ። አፋፉን ፊት ለፊት ከመጋፈጥ ጎማዎቹ ተራ በተራ እንዲወጡ በሰያፍ መግባት አንዱ ነው። ሰው ማውረድም ይረዳል፤ ሰው ሲሞላ ሞላው ይረግጣል፣ ሆዱም ወደ መሬት ይጠጋል። ስንወርድ ደግሞ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነት ቀንሶ መጨረሻው ላይ ፍሬን አለመርገጥ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ የመኪናዋ አፍንጫ ይደፋና ፓራውልቱ መሬቱን ይስማል። "ጋዝ ስጠው" የሚሉትን ግን አትስሟቸው። በፍጥነት የወጣች መኪና ትነጥርና ተመልሳ ስትወርድ ይበልጥ ትዘቀዝቃለች፣ ማርሚታውም እዚያው ይቀራል።

ይሁን እንጂ በሰያፍ ለመግባት ስፋት ያስፈልጋል። የብዙ ሰፈር የግቢ በር መስታወት አጥፈው ቀጥ ብለው የሚገቡበት ነው። ግራና ቀኝ የግንብ ምሰሶ ባለበት በየትኛው ሰያፍ ነው የምንገባው? ደግሞስ ሌሊት ደንበኛውን ከነሻንጣው እስከ ግቢው ድረስ እንዲያስገባ የተጠየቀ የራይድ ሾፌር፣ "እባካችሁ አራታችሁም ውረዱ" ቢል ስንቱ በደስታ ይወርድለታል? መኪናዋ እንጀራው ናት። ደንበኛው "ምን አለበት፣ ግባ" ይላል። የጋራዡን ሒሳብ ግን ደንበኛው አይከፍልም።

እስቲ ሒሳብ እናስላ። ተዳፋት በመቶኛ ይለካል፤ 10 ሜትር ሄደን 1 ሜትር ከፍ ካልን 10 በመቶ ነው። በፊትና በኋላ ጎማዋ መካከል 2.5 ሜትር ርቀት ያላት፣ ሆዷ መሃል ላይ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ትንሽ መኪና እንውሰድ። ሹል አፋፍ ላይ ሆዷን ሳትነካ ልታልፍ የምትችለው የተዳፋቱ መጠን ቢበዛ 24 በመቶ ገደማ እስከሆነ ድረስ ነው። አምስት ሰው ጭና 5 ሴንቲ ሜትር ብትረግጥ ግን ወሰኑ ወደ 16 በመቶ ይወርዳል። አሁን በሩ ከመንገዱ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ግቢ አስቡ። ባለቤቱ ያንን ከፍታ በ2.5 ሜትር መወጣጫ ሊጨርሰው ከፈለገ ተዳፋቱ 24 በመቶ ሆነ ማለት ነው። የዓለም ሻምፒዮን መሪውን ቢይዝ ያቺ የሞላች መኪና ትመታለች! ያው 60 ሴንቲ ሜትር በ6 ሜትር ቢዘረጋ ግን 10 በመቶ ይሆናል። ያኔ መኪናዋ ሆዷ ሥር 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ካላት ታልፋለች። እንግዲህ "መንዳት አለመቻል" የምንለው ነገር 3 ሜትር ተኩል ሲሚንቶ ነው።

"ከተማው ተራራማ ነው፣ ምን እናድርግ?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ነው። ግን ተራራው አይደለም የበራችን ደፍ ላይ ያበቀለው። ብዙ ጊዜ ቤቱ ቀድሞ ይሠራል፣ መንገዱ በኋላ ይመጣል። ኮብልስቶን ወይም አስፋልት ሲነጠፍ መንገዱ ይቆረጥና ዝቅ ይላል፣ ደጃፉ በአየር ላይ ይቀራል። መንገድ ሠሪው የራሱን ድርሻ ጨርሶ ይሄዳል። ባለቤቱም ሁለት ኩንታል ሲሚንቶና አንድ ግንበኛ ጠርቶ በአንድ ከሰዓት "መፍትሔ" ያበጃል። ስለዚህ ወቀሳችን ለባለቤቱ ብቻ አይደለም። የመንገድ ሥራ የሚያልቀው የሰው በር ሲደረስበት ነው እንጂ ሪባን ሲቆረጥ አይደለም።

ሌላው ምክንያት ክረምት ነው። ጎርፍ እንዳይገባብን ደፉን ከፍ እናደርጋለን። ይህን ፍርሃት እንረዳዋለን፤ ሐምሌ ላይ ሳሎኑ ውኃ የገባበት ሰው ላይ አንፈርድም። ችግሩ ግን ያ ሲሚንቶ የሚፈሰው ከበሩ ውጪ፣ የውኃ መውረጃው ላይ መሆኑ ነው። መውረጃው ይደፈናል፣ ውኃው መንገድ ይለውጥና ጎረቤት ይገባል። ጎረቤትም በተራው የራሱን ደፍ ከፍ ያደርጋል። ቀጣዩም እንዲሁ። ሰፈሩ በሙሉ ውኃውን እርስ በርሱ ሲገፋፋ ይከርማል። በሩ ሥር አግድም ቦይ ቆፍሮ ፍርግርግ ብረት መክደን ግን ውኃውንም ያሳልፋል፣ መኪናውንም ያስገባል።

እዚህ ላይ መኪና የሌለው አንባቢያችን "እኔን ምን አገባኝ?" ሊል ይችላል። እንዲያውም ከሁሉም በላይ የሚያገባህ አንተን ነው! ያ መወጣጫ የተዘረጋው አንተ የምትሄድበት ቦታ ላይ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የተሠሩ አውራ ጎዳናዎች ሰፊ የእግረኛ መንገድ አግኝተዋል። ውስጥ ለውስጥ ሰፈር ግቡ ግን፤ በየበሩ አንድ ጉብታ፣ በየጉብታው መሃል አንድ ጉድጓድ። ልጅ ያዘለች እናት፣ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት፣ ዓይነ ስውር መንገደኛ፣ ሁሉም ወርደው ከመኪና ጋር ይጋፋሉ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መዳረሻ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ግን እዚያ ሕንፃ በር ላይ ከመድረሱ በፊት ስንት የግለሰብ ተራራ መውጣት አለበት?

"ታዲያ ከፍ ያለ መኪና ግዙ!" የሚል ምክርም ሰምተናል። ምስጋናችን ይድረሳችሁ፣ ብሩንም ብትጨምሩበት! ከፍ ያለ መኪና የሚገዛ ሰው ችግሩን አልፈታውም፣ ከላዩ ላይ አለፈ እንጂ። ደግሞም ዘመኑ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ጎዳናው በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። የአብዛኞቹ ባትሪ የተነጠፈው ወለላቸው ሥር ነው። ድሮ ሆድ ሲመታ ማርሚታ ይበየድ ነበር። አሁን የሚመታው የመኪናዋ ውዱ ዕቃ ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ተዳፋታችሁን ወደ ግቢያችሁ ውስጥ አስገቡት፣ እዚያ የፈለጋችሁትን ያህል ውጡ ውረዱ። ግቢው ጠባብ ከሆነ ቢያንስ ከላይና ከታች ያለውን ሹል ጫፍ አለዝቡት፤ ዋናው መወጣጫ 20 በመቶ ቢሆን እንኳ፣ በሁለቱም ጫፍ 10 በመቶ መሸጋገሪያ ሲደረግለት ሆድ የሚመታው ስብራት በግማሽ ይቀንሳል። ግንበኛ ስትጠሩ "አንድ መኪና ሰው ሞልታ ብትመጣስ?" ብላችሁ ጠይቁት። የጥያቄው ዋጋ ነፃ ነው።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ብትመታ፣ ያኔ ሾፌሩን እንውቀስ። እስከዚያው ግን መሪ የያዘውን ትታችሁ የፈሰሰውን ሲሚንቶ እዩት። ከበራችሁ ውጪ ያለው መሬት የእናንተ አይደለም፣ የሁላችንም ነው።